ኳተርነሪ አሞኒየም ውህዶች፦ አሠራራቸው፣ ጀርም የማጥፋት አቅማቸውና ትክክለኛ አጠቃቀማቸው በደብረ ማርቆስና አካባቢው

መግቢያ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ጀርም ማጥፊያ ኬሚካል የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ ከተገኘበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የእጅ ማጽጃ፣ የወለል ማጽጃና የቁስል ማጠቢያ ፈሳሽ በብዙ ቤት የሚገኝ ሆኗል። ከእነዚህ ምርቶች ውስጥ የተወሰኑት ዋና ንጥረ ነገራቸው ኳተርነሪ አሞኒየም ውህድ በመባል የሚታወቀው የኬሚካል ቤተሰብ ነው። በየጤና ተቋሙ ስሙ የተለመደው ሳቭሎን በተለምዶ የሚይዘው ሴትሪማይድ፣ እንዲሁም በብዙ የወለልና የእጅ ማጽጃዎች መለያ ላይ የሚነበበው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

እነዚህ ውህዶች በተገቢው መንገድ ሲሠራባቸው ጠቃሚ ናቸው። ይሁን እንጂ ቆሻሻ ሳይታጠብ፣ ሳሙና ሳይለቀለቅ ወይም መጠኑ ሳይለካ ጥቅም ላይ ሲውሉ ተጠቃሚው ሳይታወቀው ኃይላቸውን ያጣሉ። ጀርም ሳይጠፋ “ጠፍቷል” ብሎ ማመን ደግሞ ምንም ካለመጠቀም የባሰ አደጋ የሚያስከትልበት ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ የውህዶቹን ምንነት፣ የሚዘጋጁበትን መንገድ፣ የሚያጠፏቸውንና የማያጠፏቸውን ተሕዋስያን እንዲሁም ኅብረተሰቡ ሊያደርግ የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

ምንነታቸው

አሞኒያ አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን የያዘ ሞለኪውል ነው። አራተኛ ሃይድሮጅን ሲጨመርበት አዎንታዊ ሙል ያለው አሞኒየም ይሆናል። አራቱም ሃይድሮጅኖች በካርቦን ቅንጣጢቶች ሲተኩ የሚገኘው ውህድ ኳተርነሪ፣ ማለትም አራተኛ ደረጃ፣ አሞኒየም ይባላል። ናይትሮጅኑ በአራት አቅጣጫ ከካርቦን ጋር የተያያዘ በመሆኑ አዎንታዊ ሙሉ የፈሳሹ አሲዳማነት ቢጨምርም ቢቀንስም አይለቀውም። ከጎኑ አሉታዊ ሙል ያለው ክሎራይድ ወይም ብሮማይድ ስለሚገኝ ውህዱ በባሕርዩ ጨው ነው፤ በውኃም ይሟሟል።

ጀርም ለማጥፋት የሚውሉት ውህዶች ከአራቱ ቅንጣጢቶች ቢያንስ አንዱ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው። በቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ውስጥ የሰንሰለቱ ርዝመት በአብዛኛው ከ12 እስከ 16 ካርቦን ይደርሳል። ስለዚህ ሞለኪውሉ ሁለት ጠባይ አለው፤ ራሱ ውኃ ይወዳል፣ ጅራቱ ቅባት ይወዳል። የአረፋው፣ የማጽዳት ጠባዩና ጀርም የማጥፋት ኃይሉ ምንጭ ይኸው ነው።

የሚዘጋጁበት መንገድ

የውህዶቹ መሠረታዊ የዝግጅት ዘዴ በሩሲያዊው የኬሚስትሪ ሊቅ በኒኮላይ ሜንሹትኪን ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ሊቁ አጸግብሮቱን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። በዚህ ዘዴ ናይትሮጅኑ ከሦስት የካርቦን ቅንጣጢቶች ጋር የተያያዘ አሚን፣ ክሎሪን ወይም ብሮሚን ከያዘ የካርቦን ውህድ ጋር እንዲገናኝ ይደረጋል። አሚኑ አራተኛውን ቅንጣጢት ይቀበላል፤ ክሎሪኑ ወይም ብሮሚኑም ተለይቶ አሉታዊ አዮን ይሆናል። አጸግብሮቱ የሚካሄድበት ፈሳሽ ዓይነት ፍጥነቱን በእጅጉ ይለውጠዋል።

ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚገኘው ረጅም ሰንሰለት ያለው ዳይሜቲል አሚን ከቤንዚል ክሎራይድ ጋር ሲዋሐድ ነው። ረጅሙ ሰንሰለት በብዛት የሚገኘው ከኮኮናትና ከዘንባባ ፍሬ ዘይት ነው። ቤንዚል ክሎራይድ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ክፉኛ የሚያቃጥል መርዛማ ኬሚካል በመሆኑ ይህ ሥራ የጭስ ማስወገጃና የመከላከያ ቁሳቁስ በተሟላለት ፋብሪካ ወይም ቤተ ሙከራ ብቻ የሚከናወን ነው። በመኖሪያ ቤት ወይም በአነስተኛ ሱቅ ሊሞከር አይገባም።

የእነዚህ ውህዶች ጀርም የማጥፋት ጠባይ በአሜሪካ የሮክፌለር ተቋም ተመራማሪዎች ጥናት የተጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ነው። በሰፊው ወደ ሕክምና የገቡት ግን ጀርመናዊው ሐኪም ጌርሃርድ ዶማክ እ.ኤ.አ. በ1935 የቤንዛልኮኒየም ክሎራይድን ፀረ ጀርምነት ካሳወቀ በኋላ ነው።

ጀርም የሚያጠፉት እንዴት ነው?

የባክቴሪያ የውጭ ገጽ በአብዛኛው አሉታዊ ሙል አለው። የውህዱ አዎንታዊ ራስ ወደዚህ ገጽ ይሳባል፤ ቅባት ወዳዱ ጅራቱም በባክቴሪያው ገለፈት ውስጥ ይሰነቀራል። በቂ ቁጥር ያላቸው ሞለኪውሎች ሲገቡ ገለፈቱ ይበሳሳል፤ በውስጡ የነበሩት ፖታስየምና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ወደ ውጭ ይፈሳሉ፤ ባክቴሪያውም ይሞታል። ይህ ሂደት በቂ መጠንና በቂ ጊዜ ይጠይቃል። ጠብ አድርጎ ወዲያው መጥረግ ሥራውን ሳይጨርስ ማቋረጥ ነው።

የጅራቱ ርዝመት ወሳኝ ነው። በጣም አጭር ከሆነ ገለፈቱን ሰብሮ አይገባም፤ በጣም ረጅም ከሆነ ደግሞ በውኃ የመሟሟት ችሎታው ይቀንሳል። 12 እና 14 ካርቦን ያላቸው ሰንሰለቶች በብዛት የተመረጡት በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያጠፏቸውና የማያጠፏቸው

ውህዶቹ እንደ ስታፊሎኮከስ ባሉ፣ ቆዳን በሚያመግሉ ባክቴሪያዎች ላይ ጠንካራ ናቸው። የኮሮናና የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶችን የመሰሉ የቅባት ሽፋን ያላቸውን ቫይረሶችም ያጠፋሉ። እንደ ሱዶሞናስ ባሉ ባለ ድርብ ገለፈት ባክቴሪያዎች ላይ ግን ኃይላቸው ይዳከማል። የቅባት ሽፋን የሌላቸውን እንደ ፖሊዮና ኖሮ ያሉ ቫይረሶች እንዲሁም የቲቢን ባክቴሪያ ለማጥፋት አስተማማኝ አይደሉም።

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ውህዶቹ የባክቴሪያ ስፖርን የማይገድሉ መሆናቸው ነው። ስፖር አንዳንድ ባክቴሪያዎች ክፉ ጊዜን ለማለፍ የሚለብሱት ጠንካራ ሽፋን ያለው ቅርጽ ነው። መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) የሚያመጣው ባክቴሪያ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ የሚኖረው በዚህ መልክ ነው። ምላጭን ወይም መቀስን በሳቭሎን ነክሮ እትብት መቁረጥ ሕፃኑን ከመንጋጋ ቆልፍ አይጠብቀውም።

ማፍላትም ለዚህ ዓላማ በቂ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በከተማዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ ሙቀት የመጠጥ ውኃን ለማከም ያገለግላል፤ ስፖርን ግን አያጠፋም። ስፖርን ለማጥፋት በግፊት 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ የአውቶክሌቭ እንፋሎት ወይም ተመጣጣኝ ዘዴ ያስፈልጋል። ወላጆች ወሊዳቸውን በጤና ተቋም እንዲያደርጉና ነፍሰ ጡሮች የቴታነስ ክትባት እንዲወስዱ የሚመከረው በዚህም ምክንያት ጭምር ነው።

ከአካባቢው ልማዳዊ ማጽጃዎች ጋር ሲነጻጸሩ

የጎጃም ደጋ ነዋሪ ስለ ንጽሕና የቆየ ዕውቀት አለው። ልብስ በእንዶድ ይታጠባል፤ የጠላ ጋን በግራዋ ይታሻል፤ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የእንዶድ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገሩ ልክ እንደ ኳተርነሪ አሞኒየም ውህዶች ውኃ ወዳድና ቅባት ወዳድ ወገን ስላለው ነው፤ ሆኖም አዎንታዊ ሙል ያለው ናይትሮጅን የለውም። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ባደረጉት ምልከታ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ባለው ወራጅ ውኃ ውስጥ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማግኘታቸው የእንዶድን ኃይል ለዓለም አስተዋውቋል። የወይራ ጭስም ፌኖል የተባሉና ሌሎች ጀርምን የሚያዳክሙ ንጥረ ነገሮችን በዕቃው ገጽ ላይ ይተዋል።

ሁለቱ ዕውቀቶች የሚጋጩ አይደሉም። የወተት ዕቃ የሚታጠነው ከታጠበ በኋላ ነው፤ ጋንም ታሽቶና ተለቅልቆ ነው የሚታጠነው። ማጽዳት ይቀድማል፣ ጀርም ማጥፋት ይከተላል የሚለው የዘመናዊ ጤና ትምህርት ደንብ በዚህ ልማድ ውስጥ ቀድሞም ነበረ። ይሁንና እንዶድም ሆነ የወይራ ጭስ ለቁስል ማጠቢያነት ወይም ለሕክምና መሣሪያ ጀርም ማጥፊያነት ሊውል አይገባም።

ኃይላቸውን የሚያሳጡ ነገሮች

ቆሻሻ፦ ደም፣ መግል፣ ወተት፣ ጭቃና እበት ውህዱን በላያቸው ላይ ይይዙታል። ጀርሙ ዘንድ የሚደርሰው መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ሳሙና፦ የተለመደው ሳሙናና የልብስ ዱቄት አሉታዊ ሙል አላቸው። ከውህዱ ጋር ሲገናኙ እርስ በርስ ተያይዘው ሁለቱም ሥራቸውን ያቆማሉ። ኦሞ በተበጠበጠበት ባልዲ ላይ ጀርም ማጥፊያ መጨመር “ኃይል መደረብ” የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ጥጥና ጨርቅ፦ የጥጥ ክር ውህዱን ከፈሳሹ ውስጥ ይመጥጣል። ጥጥ በዕቃ ውስጥ ነክሮ ለቀናት ማስቀመጥ ፈሳሹን ያዳክመዋል።

ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውኃ፦ ሳሙና በቀላሉ አረፋ የማያወጣበት የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውኃ የውህዱን ኃይል ይቀንሳል።

የቆየ ቅልቅል፦ በውኃ ቀጥኖ የቆየ ፈሳሽ ውስጥ ሱዶሞናስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ሊራቡ ይችላሉ። በተለያዩ አገሮች ሆስፒታሎች በዚህ ዓይነት በተበከለ የቤንዛልኮኒየም ፈሳሽና በውስጡ በተነከረ ጥጥ ምክንያት ኢንፌክሽን የተሠራጨባቸው አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል። ከዚህም ሌላ ደካማ መጠን በተደጋጋሚ የሚያገኛቸው ባክቴሪያዎች ውህዱን ገፍተው የሚያስወጡ ፕሮቲኖችን በማበርከት መቋቋም ይለምዳሉ። ስለዚህ ቅልቅሉ ለዕለቱ በሚበቃ መጠን ብቻ መዘጋጀት፣ የተረፈውም መደፋት አለበት፤ ባለቀው ላይ አዲስ መሙላትም አይገባም።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል

ወለል፣ ጠረጴዛ ወይም የበር እጀታ ሲጸዳ የሚከተለው ቅደም ተከተል ይጠበቃል። በመጀመሪያ ገጹ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። ቀጥሎ ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ከዚያ በመለያው ላይ በተገለጸው መጠን የተዘጋጀው ጀርም ማጥፊያ ገጹን በሙሉ እንዲያርስ ይደረጋል። መለያው ለሚያዘው ጊዜ፣ ለብዙ ምርቶች እስከ 10 ደቂቃ፣ ሳይደርቅ መቆየት አለበት። ምግብ የሚነካው ገጽ ከሆነ በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል።

መጠንን በክዳን ወይም በግምት መለካት አሳሳች ነው፤ የምርቶቹ ጥንካሬ ይለያያልና። ለምሳሌ 1 ሊትር 0.1 በመቶ ቅልቅል ለማዘጋጀት 10 በመቶ ከሆነው ምርት 10 ሚሊ ሊትር፣ 50 በመቶ ከሆነው ግን 2 ሚሊ ሊትር ብቻ ተወስዶ ውኃው 1 ሊትር እስኪሞላ ይጨመራል። ሁለቱን በአንድ መለኪያ የቀዳ ሰው አንደኛውን በአምስት እጥፍ ያበዛል ወይም ያሳንሳል። ሳቭሎንም በተለያየ ጥንካሬ ስለሚመረት የአንዱ ጠርሙስ መመሪያ ለሌላው አይሠራም።

የደም መፍሰስ ያጋጠመበት ገጽና የኮሌራ ሥጋት ያለበት ቤት ሲሆን የሚመረጠው ኳተርነሪ አሞኒየም ሳይሆን ክሎሪን ነው። ደም ለነካው ገጽ የሚያገለግለውን 0.5 በመቶ ቅልቅል ለማግኘት ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ይቀላቀላል።

ከምሥራቅ ጎጃም የተገኘ ትምህርት፦ የዝሆኔ ሕሙማን የእግር ንጽሕና

በኢትዮጵያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የሚያጠቃው ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ አጠራሩ የእግር ዝሆኔ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ በሽታ ነው። በጀርም የሚመጣ ወይም ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ያበጠው እግር ቆዳ ሲሰነጠቅ ግን ባክቴሪያ ይገባል፤ ሕመምተኛውም ትኩሳት ባለው አጣዳፊ ሕመም ተይዞ ለቀናት ከሥራ ይውላል።

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በ696 ሕሙማን ላይ የተካሄደና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ለዚህ ችግር ቀላል መፍትሔ መኖሩን አሳይቷል። ሕሙማኑ የእግር መታጠብና የቆዳ እንክብካቤ፣ የፋሻ አጠቃቀም፣ የእግር እንቅስቃሴ እንዲሁም የካልሲና የጫማ ድጋፍ ተደርጎላቸዋል። ድጋፉን ወዲያው ያገኙት ሕሙማን ዘግይተው እንዲያገኙ ከተመደቡት ጋር ሲነጻጸሩ የአጣዳፊ ሕመሙ ድግግሞሽ በ19 በመቶ ያህል ቀንሷል።

ጥናቱ የኳተርነሪ አሞኒየም ውህዶችን ለብቻ የፈተነ አይደለም። የሚያስተምረው ግን ለእነርሱም ይሠራል። እግር በየዕለቱ በሳሙና ሲታጠብ፣ በጣቶች መካከል ጭምር ሲደርቅ፣ በቅባት ሲለሰልስና በጫማ ሲሸፈን ነው ቆዳው ለጀርም በር የሚዘጋው። ፀረ ጀርም ፈሳሽ በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ አንድ ደረጃ እንጂ ምትክ አይደለም። የዝሆኔ ሕመምተኛ የሚዘፈዝፍበት ፈሳሽ ዓይነትና መጠን በጤና ባለሙያ መወሰን ይኖርበታል። የወለል ማጽጃን ወይም ያልቀጠነ ሳቭሎንን በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ማፍሰስ ቆዳውን ያቃጥላል፤ ቁስሉንም ያባብሳል።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

ጀርም ማጥፊያዎች እርስ በርስ ሊቀላቀሉ አይገባም። በተለይ በረኪና ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካላቸው ማጽጃዎች ጋር ሲቀላቀል ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። በመስኮት አልባ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይህ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ኬሚካልን በውኃ መጠጫ ፕላስቲክ ቀድቶ ማስቀመጥ ሕፃናት እንዲጠጡት መንገድ ይከፍታል። ምርቱ በመጣበት ዕቃ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

ጠንካራው ፈሳሽ ሲቀዳ ጓንት ይደረጋል። ውህዶቹን ደጋግመው በሚረጩ የጽዳት ሠራተኞች ላይ የቆዳ ቁጣና አስም ሊከሰት ስለሚችል ከመርጨት ይልቅ በጨርቅ መቀባት፣ ቤቱንም ማናፈስ ይመረጣል። ለዚህ የሚውለው ጨርቅ በፈሳሹ ውስጥ ሲዘፈዘፍ መቆየት የለበትም። ሳቭሎን ወደ ዓይንና ወደ ጆሮ ውስጥ ሊገባ አይገባም።

ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ከተጠጣ ተጎጂው እንዲያስመልስ መገፋፋት አይገባም፤ ጠርሙሱ ተይዞ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ሲገዛ መታየት የሚገባው

ምርቱ የዋና ንጥረ ነገሩን ስምና በመቶኛ የተገለጸ ጥንካሬውን፣ የአምራቹን ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩን፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን እንዲሁም የአጠቃቀም መመሪያውን የያዘ መሆኑ ይረጋገጣል። ለቆዳ የሚውለውና ለወለል የሚውለው ምርት የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። “ቤንዛልኮኒየም” ወይም “ሴትሪማይድ” የሚሉ ቃላት ምርቱ የኳተርነሪ አሞኒየም ቤተሰብ መሆኑን ያመለክታሉ። በረኪና፣ አልኮልና ዴቶል የሌላ ቤተሰብ ምርቶች በመሆናቸው ከላይ የተገለጸው ሁሉ በእነርሱ ላይ እንደዚሁ አይሠራም።

አገልግሎት የሚገኝበት ቦታ

ስለ ቤት ንጽሕና፣ ስለ ቁስል እንክብካቤና ስለ ቅልቅል አዘገጃጀት ምክር የሚፈልግ ነዋሪ በቀበሌው ጤና ኬላ የሚገኙትን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ማነጋገር ይችላል። እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው እብጠቱ ሳይጠነክር ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ የተሻለ ውጤት ያገኛል። መለያ የሌለው፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም ጥራቱ የሚያጠራጥር የቁስል ማጠቢያ ወይም መድኃኒት ሲያጋጥም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል። ጥቆማ ሲሰጥ ምርቱን ሳይጥሉ ከነማሸጊያው ማቆየት ለማጣራት ሥራው ይረዳል።